ጨው ለሚገዛ ሰው የሚነበብ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ከሰዓት

ሁለት እጀ ጠባብ ጨርሻለሁ፤ አንድ ቀሚስ ቀርቶኛል። ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ባለሱቁ አዲስ ነው ብሎ ምሎ ነው የሸጠልኝ። ሳልጠይቀው ሲምል ነበር መጠርጠር።

በመሃል ኣደይ ለተብርሃን ገቡ። የዚህ ቤት ባለቤት ናቸው። ከወትሮው ሰላምታ አበዙብኝ፤ ከመይ ውዒልኪ፣ ሥራ ከመይ፣ ጤና ከመይ። ነገር እንዳለ ገባኝ። ቤቱን ሊሸጡት ነው። አስመራ ያለው ልጃቸው መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ብሏቸዋል። እስከ መስቀል ገንዘቡን ካገኘሁ ለእኔ፣ ካላገኘሁ ለሌላ። ጓለይ፣ ልጄ፣ ቅድሚያ ለአንቺ ብዬ ነው አሉ። ለምን ለእኔ? ጣሪያው ያፈስ ይሆን? ሲወጡ ወንበር ላይ ቆሜ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አየሁት። ደህና ነው። እሱም አሳሰበኝ።

ደብተር፣ ለሰው የማልለውን ለአንተ ልበልህ። ይህ ቤት ከሄደ እኔም ሄድኩ። ባሌን ገበየሁን ተስቦ ከወሰደው ዓመት አለፈ። እኔ የአንኮበር ሰው፤ እዚህ መቐለ ርስት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ያለኝ መንገድ ዳር ያለው ይህ ክፍልና የስፌት መኪናዬ ነው። ሰኞ ሰኞ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ሌላ ሠፈር ብገባ ማን ያውቀኛል? አንኮበር ብመለስ ደግሞ እኅቴ ቤት ጥግ ይዤ የእሷን ልጆች ማሳደግ ነው። ከዚያ ሞቴን እመርጣለሁ።

ያስቀመጥኩት ገንዘብ ለቤቱ ግማሽ ቢበቃ ነው። ስንት እንደሆነ ለአንተም አልነግርህም፤ ደብተር ሰው እጅ ይገባል። ተቀብሮ ግን አይወልድም። እንዴት እንደሚወልድ ማንን ልጠይቅ? የሚያውቀው አይነግርም፤ የሚነግረው አያውቅም።

ረቡዕ፣ ሚያ. 30

ሰይድ ይመር የተቀደደ ጆንያ ሊያሰፋ መጣ። የወሎ ሰው ነው፤ ጨው ከዚህ እየገዛ ደሴ ድረስ ያጓጉዛል። እታለም ይለኛል። እንደ አገሬ ሰው ሲያወራኝ ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ እጠነቀቃለሁ።

ስለ ቤቱ ሰምቷል። ከማን ሰማ? ከገበያ ነው ይላል። መ/ር ኪዳነ ቤት እሑድ እሑድ ንባብ እንዳለ ነገረኝ። ገንዘቡን ሥራ ላይ ማዋል የሚሻ ሰው ምን ማንበብ እንዳለበት መምህሩ ይመክራል፤ መጽሐፍም ያውሳል። ሰይድ ራሱ ዓረብኛውን እንጂ የእኛን ፊደል አይቆጥርም። ግን ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ይጠይቃል።

መ/ር ኪዳነን በመልክ አውቀዋለሁ። አስመራ ኖሮ የተመለሰ፣ እዚህ ት/ቤት የሚያስተምር። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፤ የጣፍኩለት እኔ ነኝ። ገንዘብ እንዴት እንደሚወልድ የሚያውቅ ሰው ሱሪ ያስጥፋል?

ሰይድስ ምን ጥቅም ቢኖረው ነው የሚልከኝ? በአንድ ሰው ይህን ያህል ይከፈለዋል ማለት ነው።

እሑድ፣ ግን. 4፣ ከቅዳሴ መልስ

ሄድኩ። ለማየት ብቻ።

አንዲት ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ። ወንዶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። መ/ር ኪዳነ በአማርኛ ያነባል፣ በትግርኛ ያፍታታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መጻሕፍት አሉ፤ አንዱ ቀጭን፣ ስለ ቁጠባ። አንዱ ወፍራም፣ ስለ ንግድ። ሁለቱም በአማርኛ የታተሙ፣ በአስመራ በኩል የመጡ። መጀመሪያ ቀጭኑ፣ ቀጥሎ ወፍራሙ፤ ሁለቱን ሳይጨርስ ማንም ገንዘቡን ከጉድጓድ አያውጣ ይላል።

እኔ ገንዘባችሁን ለእኔ ስጡኝ የሚልበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። አይልም። ንባቡ አለቀ፣ ጸሎት ተደረገ፤ አሁንም አይልም። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በመጨረሻ መጣ። መጽሐፍ የሚዋስ ሰው መያዣ ያስይዛል። አልኳችሁ! ያን ያህል ሰው መያዣ ሲያስይዝ አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስቦ አስመራ ቢገባስ? የብር ወለባዬን ከፀጉሬ አወጣሁ። ሰይድና አንድ ቆዳ ነጋዴ ምስክር ሆኑልኝ። ጫፉ ላይ ያለችውን ጭረት ለመምህሩ ሁለት ጊዜ አሳየሁት። ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም።

ሁለቱንም መጻሕፍት ተሸክሜ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ግን. 7

ቀጭኑን ጨረስኩ። ያለው ሁሉ እናቴ ያለችው ነው፤ እሷ ግን መያዣ አትጠይቅም ነበር።

ወፍራሙን ጀመርኩ። ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ዋጋ በወቅት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲሸጥ ስለ መግዛት። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ከወንዶቹ ተማሪዎች ጋር አስቀምጦ ስላስተማረኝ ንባብ አይከብደኝም። እያነበብኩ ሳለ መሃል ላይ ስደርስ ገጹ አልገለጥ አለኝ። ተጣብቋል።

አየሁት። መጽሐፉ ሲታተም ትልቁ ወረቀት ታጥፎ ነው የሚሰፋው፤ ጠርዙን አንባቢው በቢላዋ እየቀደደ ይከፍተዋል። እስከ መሃሉ ተቀድዷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዝግ ነው። ቢላዋ አልነካውም፤ ዓይንም አላየውም።

ደብተር፣ ይታይህ። ሁለቱን ሳትጨርሱ ይላል! ራሱ ያልጨረሰውን! ሳይቀምስ የሚያጎርስ ሰው ምን አስቦ ነው?

ነገ እሄዳለሁ። መምህር ቢሆን እንኳ አልተወውም።

ሐሙስ፣ ግን. 8፣ ማታ ላይ

ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። ያ ነው የከፋው።

ዝጉን ገጽ ሳሳየው ቀላ። እዚህ እንደደረሰ የሚያውቅ መስሎት መጽሐፉን ዘግቶ ያጠራቀመውን ሁሉ ቆዳ ገዛበት። ቆዳውን ብል በላው። ከዚያ ወዲህ ያን ገጽ ለመቅደድ እጁ እምቢ አለው። ያልጨረስኩት ስለከሰርኩ ነው፤ የከሰርኩት ስላልጨረስኩ ነው አለ። ሌሎቹስ ያዋስካቸው? አልኩት። ሁሉም እዚያው እየደረሱ ይመልሱታል፤ ማንም ለምን ዝግ ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ጨርሰናል ነው የሚሉት።

አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ጠረጠርኩ፤ እንዲህ ቶሎ የሚናዘዝ ሰው ሌላ የደበቀው ይኖረዋል።

ቀሪውን አንቺ ክፈቺው፣ ምን እንደሚልም ንገሪኝ አለኝ። ይኸው እንግዲህ፤ የመምህሩ መምህር ሆንኩ።

ሰኞ፣ ግን. 12

መቀሴን ይዤ ተቀመጥኩ። በዝጉ ክፍል ያሉትን ርእሶች ማውጫው ላይ አየሁ። ዕቃ ስለ መምረጥ፣ ሸሪክ ስለ መያዝ፣ ዕቃ ስለ ማስቀመጥ፣ ስለ አታላዮች። ስለ አታላዮች! ሌላውን ዘልዬ ያንን ቀደድኩ።

እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው! እኔን አስቀምጦ የጻፈው ነው የሚመስለው። የአታላይ ምልክቱ ሦስት ነው ይላል። ያቻኩልሃል። የአገርህን ሰው ወሬ ያወራልሃል። ንብረትህን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ይልሃል። ንብረትህ አንተ ብቻ በምትከፍተው ቁልፍ ይዋል ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሰዎች ሲስቁብኝ ኖረው፣ ይኸው በመጽሐፍ ተጽፎ መጣ። ሌሎቹን ርእሶች ሌላ ቀን። ጊዜ የለም፤ ግንቦት እየሄደ ነው።

ሰኞ፣ ግን. 19

ገዛሁ። ተፈጸመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ጨው ወደሚቆረጥበት ወደ ዳናኪል በረሃ የሚወርድ የለም፤ ሙቀቱም መንገዱም አያስኬድም። ስለዚህ ጨው አሁን ይረክሳል፣ ነሐሴ ላይ ይወደዳል። አሁን የገቡት ግመሎች የመጨረሻዎቹ ናቸው። አሁን ገዝቶ፣ ነሐሴ መሸጥ። መጽሐፉ በወቅት ያለው ይኸው ነው። የገበየሁን ጠገራ ብር ከተቀበረበት አውጥቼ፣ ሰይድ ተደራድሮልኝ፣ አሞሌ ገዛሁበት። እንደ ድንጋይ የጠና፣ ነጭ፣ ቆንጆ ጨው። እያንዳንዱን በጣቴ አንኳኳሁት። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ይሳቁ።

ሲያልቅ ሰይድ እኔ ቤት ይዋል አለ። የእሱ ጨው በሚቀመጥበት ክፍል፤ መሬቱ አመድ የተነሰነሰበት፣ ክረምቱን ሙሉ እሳት የማይጠፋበት። ኪራይ አልፈልግም አለ።

ደብተር፣ ቁጠር። ቶሎ እንውሰደው፣ ዝናብ መጣ አለኝ፤ አቻኮለኝ። እታለም ሲለኝ ነው የከረመው፤ የአገር ሰው ወሬ። አሁን ደግሞ እኔ ዘንድ አስቀምጪ። ሦስቱም ምልክት በአንድ ሰው! ጢሱስ? ጢስ ያጠቆረውን ጨው ነሐሴ ላይ ማን ይገዛኛል? እሱ ራሱ ነዋ፣ በርካሽ። አቤት ጥበቡ! ሌባ ነው። ጻፍኩት፤ ሌባ ነው።

ላስብበት አልኩት። ጨዋ ሆኜ።

ረቡዕ፣ ግን. 21

መጋዘን ተከራየሁ። ጣልያን የሠራው፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት። ዓይጥ እንኳ አይገባበትም። ባለመጋዘኑ አንድ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ሁለተኛውን ራሴ ገዝቼ ጨመርኩ። ጨውን ረድፍ በረድፍ ደርድሬ ከላይ ጆንያ ሰፍቼ አለበስኩት።

ሰይድ ሲያጓጉዙ መጣ። ወለሉን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። ይህ የጨው ቦታ አይደለም አለ። ፊቱ ጠቁሯል። ገባኝ፤ ያመለጠው ዓሣ ትልቅ ነበር።

ባለመጋዘኑንም ቢሆን አላምነውም፤ ሌላ ቁልፍ ቢኖረውስ? በመቆለፊያው ላይ ክር አስሬ፣ ቋጠሮው ላይ ሻማ አንጠባጥቤ፣ በቀለበቴ አተምኩበት። ከእንግዲህ የከፈተ ሁሉ ይታወቃል።

እንዲህ ያለ እንቅልፍ ገበየሁ ከሞተ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ማኅተሙ እንዳለ ነው። ጠዋት አየዋለሁ፣ ማታ አየዋለሁ። የሰው ጣት አልነካውም።

መ/ር ኪዳነ ቀሪውን ጨረስሽ ወይ ይለኛል። አዎ አልኩት። የሚያስፈልገኝን ጨርሻለሁ፤ ውሸት አይደለም።

ዓርብ፣ ሐም. 12፣ ሚካኤል

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ጠዋትም አላባራም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመጋዘኑ በኩል ዞርኩ። ማንን አየሁ? ሰይድ ይመር። ጃንጥላ የለ፣ ምን የለ፣ በመጋዘኔ በር ፊት ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

ምን ትሠራለህ ብዬ ጮህኩ። ደነገጠ። ለደሴ የሚጫን ነገር ሊያይ በዚያ ሲያልፍ ከበሩ ሥር ነጭ ውሃ ሲወጣ አየሁ አለኝ። ክፈቺና እዪው አለኝ። ጣቱን ነክሮ ቀመሰልኝ ደግሞ፤ ጨው ነው አለ።

እኔን እንዲህ ባለ ነገር? ማኅተሙን እኔው ራሴ እንድቆርጠው፣ ስንት እንዳለኝ እንዲያይ፣ ነገ ደግሞ ከነሰዎቹ እንዲመጣ! ከጣሪያው የሚወርደው ኖራ ነው ያን ውሃ ያነጣው። ማኅተሙን አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ሂድ ወደ ሥራህ አልኩት።

ሄደ። እንደ ሌላው ጊዜ እታለም አላለኝም።

ለምን ቀፈፈኝ? ዝናቡ ነው። ብርድ ነው።

ረቡዕ፣ ሐም. 24

ኣደይ ለተብርሃን ሻንጣ እያሰሩ ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ጠየቁኝ፤ ይመጣል አልኳቸው። የጨው ዋጋ ሰኞ ሰኞ እየጨመረ ነው። ቤቱ የእኔ ሲሆን ይህን የበር መዝጊያ አስቀይራለሁ፤ ደጁን ሰፋ አድርጌ መስኮት አስወጣበታለሁ። የስፌት መኪናው ብርሃን ያገኛል። ልብስ ሰቅዬ ደጅ አሳያለሁ። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ብቻዬን እስቃለሁ!

ሰኞ፣ ነሐ. 6፣ ከቀትር በፊት

የጾም ገበያ። ዋጋው ጣራ ነክቷል። ሁለት ገዢዎች ይዤ፣ ቁልፎቼን ይዤ ሄድኩ። ማኅተሙ ንጹሕ። ቆረጥኩት። ከፈትኩት።

ሸተተኝ። እርጥብ ሲሚንቶ።

የታችኛው ረድፍ የለም። የሁለተኛውም የለም። ወለሉ ላይ ነጭ ጭቃ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ። ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤ በእጄ ዳሰስኩት፣ እጄ ረጠበ። ጎርፉ በበሩ ሥር ገብቶ ጨውን ይዞ ወጥቷል። የሰፋሁት ጆንያ ብቻ ቅርጹን ይዞ ቆሟል፤ ስነካው ገባ። ላይ ላዩ ያለው ቀርቷል፤ እሱም እንደ ዳቦ ይፈረፈራል።

አንደኛው ገዢ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጠርጥሬም ተመነጠርኩ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

አላለቀስኩም። ቀሚስ ሰፋሁ። እጅጌውን ገልብጬ ገጠምኩት፤ ፈታሁት፤ እንደገና ገልብጬ ገጠምኩት።

ረቡዕ፣ ነሐ. 8

ሰይድ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት የእሱም ሟሙቶ ይሆናል ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለዚያ ነው።

አልሟሟም። ክፍሉ ጢስ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። አሞሌው አመድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጠቁሯል፣ ግን ደርቋል። ሲያንኳኩት ይጮኻል። ጠቁሮም ገዢ አላጣም፤ ገዢው ጢሱን አይቶ ይህ ከክረምት የዳነ ነው ይላል። የጠቆረውን ነው የሚመርጠው! ይህን መቐለ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔን ማንም አልነገረኝም ልል ነበር። ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ።

ሰይድ ነግሬሽ ነበር አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር። ሰው ልኮ ከመጋዘኑ የተረፈችውን አስመጣ፤ ከራሱ ጨው ጎን አመድ ውስጥ ቀበራት። ስንት ነው የምትጠይቀኝ አልኩት። ሁለቱን ቁልፎቼን በእጄ አይቶ፣ "ይህንንም በር ታትሚዋለሽ?" አለኝ። ሳቅሁ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ በሰው ቤት፣ በሰው ፊት፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እሱ ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ እንጨት አስተካከለ። ብዙ ቆየ ሲያስተካክል።

ስወጣ እታለም፣ አይዞሽ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐ. 11

የመጽሐፉን ቀሪ ገጾች ሁሉ ቀደድኩ። ዕቃ ስለ ማስቀመጥ የሚለው ስለ አታላዮች ከሚለው በፊት ነው ያለው፤ አንድ ቅጠል ነው የለያየን። ዕቃህን ማን ይሰርቀዋል ከማለትህ በፊት ምን ያበላሸዋል በል ይላል። መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አንሥቼ አቧራውን ጠረግሁ፤ የሰው ነው።

መ/ር ኪዳነን ሱሪው ላይ ሳሾፍበት ነበር። እሱ ግማሹን አንብቦ ነው የከሰረ። እኔ ደግሞ የምወደውን መርጬ አንብቤ።

ሐሙስ፣ ነሐ. 16፣ ፍልሰታ

ጾሙ ተፈታ። ገንዘቡ እንደማይመጣ ለኣደይ ነገርኳቸው፤ መስቀልን ሳይጠብቁ ቤቱ ተሸጠ። አንድ እህል ነጋዴ ገዛው፤ የመንገድ ዳሩን ክፍል ለራሱ ሱቅ ይፈልገዋል። ኣደይ ለተብርሃን አብረውኝ አለቀሱ። ለጓሮዋ ክፍል ከገዢው ጋር አስማምተውኛል፤ ተከራይ ሆኜ እቀመጥባታለሁ። መስኮት የላትም። ሰይድ ያቺን የተረፈች ጨው ሸጦልኝ የጓሮዋ ኪራይ ለጊዜው ተገኘ። ሒሳቡን ሲነግረኝ እንደ ልማዴ በጣቴ ደገምኩት። ልክ ነው። ደግሜም ባሰላው ልክ ነው። አሁንም አስላለሁ እኮ! የማይድን በሽታ።

አንኮበር አልሄድም። ይህን ብቻ ነው ያተረፍኩት።

እሑድ፣ ነሐ. 19

መጽሐፎቹን መለስኩ። ወለባዬ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ጭረቷን አየሁ። እሷው ናት።

ንባቡ አልቆ ሰው ሲበተን መ/ር ኪዳነ አስቀረኝ። ስለ ጨው ሰምቷል፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። አንድ ነገር አስጨንቆታል። ቆዳ ነጋዴው፣ ያ ምስክር የሆነልኝ፣ ያንኑ መጋዘን ለከርሞ ተከራይቷል። በሩ ብረት ነው፣ ቁልፉ ጥሩ ነው ብሎ። ደግሞም ጨው ሊያስገባበት ነው። ሰው ጨው ሟሟባት ሲል ይሰማል፤ እሱ ግን ሌባ ሰርቋት ሟሟ ትላለች ነው የሚለው። ጠርጣራ ሰው ሌባ ነው የሚታየው፤ ውሃ አይታየውም። ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

እነዚህ መጻሕፍት ስንዴ ይላሉ፣ ሱፍ ይላሉ፣ ወይን ጠጅ ይላሉ አለ መምህሩ። ጨው የሚል አንድ ገጽ የለም፤ ዳናኪል የሚል የለም፣ ሐምሌ የሚል የለም። ገንዘቡን ሥራ ላይ ሊያውል ለሚነሣ የመቐለ ሰው የምመክረው መጽሐፍ ገና አልተጻፈም አለ። አንቺ መጥተሽ ንገሪያቸው።

እኔ ንግግር አልችልም አልኩት። ብቻ በደብተሬ ተጽፎ አለ። ከአፌ አመለጠኝ።

ዓይኑ በራ። እኔ ደነገጥኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐ. 21

አልሰጥም። የመበለት ደብተር ነው። ምን ሊያደርግበት ነው? ቀድቶ ሊሸጠው ይሆናል። በሱሪው ሳሾፍበትም ያገኘዋል።

ቆዳ ነጋዴው ዛሬ ለመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ሲገዛ አየሁት። ሰላም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐ. 25

ከሚያዝያ ጀምሬ አነበብኩህ። እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው የጻፈህ! ደግሞ ብልህ ነኝ ትላለች። በየገጹ አንድ ሰው ትከሳለች፤ ከከሰሰቻቸው ሁሉ አንድም የነካት የለም።

ግን. 19 ላይ ቆምኩ። ሌባ ነው። ጻፍኩት፤ ሌባ ነው። ቀለሙ ጠንክሮ ወረቀቱን በስቶታል። ሰይድ ሁልጊዜ ከፊት አግዳሚ ነው የሚቀመጠው፤ ፊደል ባይቆጥርም ጆሮው ቀጥ ብሎ ነው የሚሰማ። መቀሱን አነሣሁ። ያችን ቅጠል ብቻ ባወጣት ማን ያውቃል? ታሪኩም አይጎድል። ጨው ገዛሁ፣ ሲሚንቶ ላይ አኖርኩት፣ ሟሟ። በቃ።

ግን እንደዚያ ከሆነ ለምን ሲሚንቶ ላይ አኖረችው ይላል ቆዳ ነጋዴው። ሞኝ ሆና ነው ይላል፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም ይላል። ሄዶም ጨውን ያስገባል። ያች ቅጠል ካልተነበበች የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

መቀሱን አስቀመጥኩ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ። አንተን ለማንም አልሰጥም፤ ይህን መ/ር ኪዳነ ይወቀው፣ ከእጄ አትወጣም። ራሴ ነኝ የማነብህ፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ፣ ሳልዘል። ሰይድ ከፊት ይቀመጥ። ስሙ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደርግም፤ ዓይኑንም አልሸሽም።